ጣራውን ያጣ አልጋ

ለዚህ ወግ ምክንያት የሆነችው ከአንድ ስንዝር የማትበልጥ የሲባጎ ቁራጭ ናት። የሐምሌ ገብርኤል በዋለ ማግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን በመብረቅና በነጎድጓድ ስም በምትጠራው የክረምት ክፍል፣ ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣው የእኅቴ ልጅ መናገሻ ሱባ ደን ገብቼ በጥዱና በዝግባው መካከል ሀሞክ የሚሉትን ተንጠልጣይ አልጋ ሰቅዬ ካላደርኩ ብሎ ቢያስቸግር፣ ልጁን ብቻውን እንዳልተወው እናቱ ስለ ለመነችኝ፣ ዣንጥላዬንና የመንዝ ባናዬን ይዤ ተከተልሁት። እኔ የማድረው ከደኑ ጠባቂዎች ጋር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበርና ስለ ራሴ ሥጋት አልነበረብኝም። ልጁ ሸራውን ወጥሮ፣ አልጋውን ሰቅሎ፣ ካስማውን ሁሉ ተክሎ ከጨረሰ በኋላ፣ ያችን ሲባጎ ከኪሱ አወጣና አልጋው ከዛፉ ጋር በታሠረበት ገመድ ላይ፣ ከሸራው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብሎ ቋጥሯት ጫፏን ቁልቁል ለቀቃት።

«ይህችስ ለምንህ ናት?» ብለው፣

«ለውሃው ናት ጋሼ፤ ቆይተው ያዩታል» አለኝ።

ዝናቡም ብዙ አላስጠበቀንም። በዛፉ ግንድ የወረደው ውሃ ከገመዱ ዘንድ ሲደርስ ወደ መሬት ይወድቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ገመዱን ከሥር ከሥሩ እየላሰ፣ ሳይፈራ ሳያፍር ከሸራው ሥር ገብቶ ወደ አልጋው ሲገሠግሥ አየሁት፤ ከሲባጎዋ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ግን አቅጣጫውን ለወጠና በእርሷ ወርዶ፣ በጫፏ እየተንጠባጠበ አፈር ላይ ቀረ። የተፈጥሮ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ውሃ እርስ በርሱ የመያያዝና የነካውንም ነገር የመያዝ ጠባይ ስላለው፣ ገመዱ በለሆሳስ ያዘቀዘቀ እንደ ሆነ አይለቀውም፤ ከእርሱ ጋር ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይጓዛል። የሀሞክ ዝቅተኛ ስፍራ ደግሞ የተኛው ሰው ወገብ ነው። ይህን ሁሉ ሥጋት አንዲት ክር መመለሷ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ እኔን ግን ያን ሌሊት በቆርቆሮው ሥር እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ኮሎምበስ ይህን አልጋ መጀመሪያ ባየ ጊዜ ዝናብ ይዘንብ ነበር የሚል ነገር፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኘሁት ሳላውቅ፣ በአእምሮዬ ሲመላለስ አደረ።

ወደ ከተማ በተመለስሁ ጊዜ ነገሩን መረመርሁ። የኮሎምበስ የዕለት መዝገብ ዋናው ቅጂ ጠፍቶ፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለው፣ ኋላ ጳጳስ የሆነው ካህን፣ አሳጥሮም አንዳንድ ጊዜም ቃል በቃል እየገለበጠ ያቆየው ነው። በዚያ መዝገብ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 17 ቀን 1492 ዕለት፣ ዛሬ ባሃማስ ከምንላቸው ደሴቶች ፈርናንዲና ብሎ በሰየማት በአንዲቱ ሳለ የሆነው ተጽፏል። አልጋውን ያየው እንደ እውነቱ ኮሎምበስ ራሱ ሳይሆን ውሃ ሊቀዱ የላካቸው መርከበኞች ናቸው፤ እነርሱም ተመልሰው የአገሬው ሰዎች ቤት ውስጡ ተጠርጎ የጸዳ መሆኑን፣ መኝታቸውም ከጥጥ የተሠራ መረብ የሚመስል መሆኑን ነገሩት። ቤቶቹ ደግሞ እጅግ ከፍ ያሉ፣ የዘመቻ ድንኳን የመሰሉና መልካም የጢስ መውጫ ያላቸው ናቸው ተባለ። ዝናቡም አልቀረም፦ በዚያው ዕለት መዝገብ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት አጠገብ በብርቱ መዝነቡን፣ ወደዚያ ምድር ከደረሰም ጀምሮ ጥቂትም ይሁን ብዙ ሳይዘንብ የዋለበት ቀን አለመኖሩን ጽፏል።

እንግዲህ አልጋው፣ ጣራውና ዝናቡ በአንድ ገጽ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የአውሮፓ ሰው ግን ከሦስቱ አልጋውን ብቻ አንሥቶ ሄደ፤ ዝናቡስ ሳይጠራ ተከተለው፤ ጣራው ግን እዚያው ቀረ። ታይኖ የሚባሉት የእነዚያ ደሴቶች ሰዎች ሀሞካቸውን ይሰቅሉ የነበረው በሣር በተከደነ ከፍ ባለ ጎጆ ውስጥ፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ነው፤ ለሌሊቱም ብርድ ከአጠገባቸው እሳት ያነዱ ነበር። ስለዚህ ያ አልጋ ሲፈጠር ጣራ ያለው፣ እሳት የሚሞቀው የቤት ዕቃ ነበር እንጂ በረሃ ለበረሃ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንከራተት አልነበረም፤ ሲያስፈልግ በጉዞ ላይ ይሰቅሉት እንደ ነበር ባልክድም እንኳ። የሀሞክ ታሪክ ከዚያ ወዲህ፣ በእኔ አስተያየት፣ የጠፋውን ጣራ የመፈለግ ታሪክ ነው፤ የእኅቴ ልጅ ከሻንጣው ያወጣው ሸራም እንደ ተጨማሪ ዕቃ መቈጠሩ ስሕተት ነው።

ይህን ለመረዳት መጽሐፍ የማያስፈልገው አንድ ሰው በዚያው በደኑ ነበረ። ልጁ ዝናብ ሳይቀድመው ከሁሉ በፊት በሁለቱ ዛፎች መካከል ረጅሙን ገመድ አጥብቆ ወጥሮ፣ ሸራውን በዚያ ላይ ጣለና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ጠርዝ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በካስማ ያዘው፤ አልጋውን ያወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነጭ ጋቢ የለበሱት ሽማግሌ ጠባቂ ዱላቸውን ተደግፈው ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ቤት ከጣራው ሲጀመር ገና ዛሬ አየሁ» አሉት። ልጁ ሣቀ እንጂ አልመለሰም። በዝናብ ጊዜ ግን ሥርዓቱ ይኸው ነው፦ ስትሰፍር መጀመሪያ ጣራ፣ ስትነሣ መጨረሻ ጣራ፤ ይህን የገለበጠ ሰው ሌሊቱን የሚያሳልፈው በታጠበ ጨርቅ ውስጥ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፦ የስፔኑ ጸሓፊ ጎንዛሎ ፈርናንዴዝ ዴ ኦቪዬዶ እ.ኤ.አ. በ1535 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የሀሞክን ሥዕል ጭምር ካወጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ይህ ሰው ለወታደሮች የሚራራ ልብ የነበረው ይመስላል፤ በስፔንና በኢጣልያ የሚዘምቱት በክረምትና በዐውሎ ነፋስ ጊዜ መሬት ላይ እየተኙ ብዙዎቹ ይሞታሉና እንዲህ ያለ አልጋ ይዘው ቢዞሩ ይጠቅማቸው ነበር የሚል ምክር እንደ ሰጠ አስታውሳለሁ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመሬቱ እርጥበት እንጂ ከሰማዩ የሚያድን አይመስለኝም።

ጣራ ያለው ሥራ ለሀሞክ ያገኙለት መርከበኞች ናቸው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1597 ተንጠልጣይ አልጋ ለመርከበኞቹ እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ምክንያቱም መርከቡ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል የተንጠለጠለው አልጋ በራሱ ክብደት ወደ መሬት ስለሚያዘቀዝቅ የተኛውን ሰው ከጎኑ አያነሣውም። የላይኛው ወለል ለታችኞቹ ጣራ ሆናቸው። ለእያንዳንዱ ሰው የተመደበለት ስፋት 14 ኢንች፣ ማለት 35 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መሆኑን ሳነብ ግን ትንፋሼ አጠረ፤ ደግነቱ ግማሾቹ በጥበቃ ላይ ስለሚሆኑ የጎረቤትን ስፍራ መውረስ ይቻል ነበር። ቀን ቀን አልጋውን ጠቅልለው በመርከቡ ጠርዝ ላይ በመረብ ውስጥ ይደረድሩት ነበር፤ በውጊያ ጊዜ ጥይት ይመልስላቸው ነበርና። ባለቤቱ የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ በዚያው በአልጋው ሸራ ተሰፍቶ፣ ከእግሩ ሥር የመድፍ ጥይት ታክሎለት ወደ ባሕር ይጣል ነበር። መኝታውም፣ ጋሻውም፣ መግነዙም አንድ ጨርቅ ነበር ማለት ነው።

ሸራውን ውሃ እንዳያስገባ ያደረጉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ሬንጅ ቀቡት፤ እርሱም ከባድ፣ የሚሸትና እጅ የሚያጠቁር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1823 የግላስጎው ሰው ቻርልስ ማኪንቶሽ ጎማን ከድንጋይ ከሰል በተገኘ ናፍታ አሟምቶ በሁለት ጨርቆች መካከል በመቀባት ዝናብ የማያሳልፍ ልብስ አወጣ፤ ይህ ልብስ በብርድ እየደረቀ፣ በሙቀት እየተጣበቀ ባለቤቱን ያስቸግር ነበር ይባላል፤ ጎማን በድኝ አብስሎ ማጠንከር የተገኘውም ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ጎማውስ ከወዴት መጣ? ላ ኮንዳሚን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1736 በአሜሪካ አህጉር ካለችው ከኪቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ ሲልክ፣ የዚያ አህጉር ተወላጆች የዛፉን ወተት ጨርቅ ላይ እየቀቡ ውሃ የማያሳልፍ ማድረግን ከጥንት ያውቁ ነበር። ስለዚህ አልጋውም፣ ዝናብ መከላከያውም ከአንድ አህጉር የመጡ ሆነው ሳለ፣ ሁለቱን ለማገናኘት አውሮፓ ሦስት መቶ ዓመት ፈጀባት። ይህን ብልሃት የሚሉት ካሉ ይበሉት፤ እኔ ዘገምተኛነት እለዋለሁ።

የዛሬው ሸራ ናይለን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ በዱፖን ቤተ ሙከራ የተገኘው ማለት ነው። ቀላልነቱን አመሰግናለሁ፤ አንድ ነውሩን ግን ሳልናገር አላልፍም። ናይለን ውሃ በጠጣ ቁጥር ይረዝማልና፣ በመሸ ጊዜ እንደ ከበሮ የተወጠረው ሸራ በእኩለ ሌሊት ረግቦ፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ይገኛል። የጥጡ ድንኳን ጠባይ ከዚህ ተቃራኒ ነው፤ አውታሩ ሲርስ ወፍሮ ስለሚያጥር ካስማውን ከመሬት እስከ መንቀል ይደርሳል፤ ድንኳን ተካዮች ደመና ሲያዩ አውታሩን ጥቂት የሚያላሉት ስለዚህ ነው። በለቅሶም በሠርግም ድንኳን ያደግን ሰዎች ይህን ትምህርት ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን፦ ውሃ ያቆረውን የሸራ ሆድ በዱላ ከሥር ገፋ አድርገው ከውጭ የቆመውን እንግዳ የሚያጠምቁት ወጣቶች፣ ዝናብ እየመታው ያለውን ሸራ ከውስጥ በጣቱ የነካውን ሕፃን «ተው! ልታፈሰው ነው!» የሚሉት እናቶች፣ ሁለቱም ስለ ውሃ ጠባይ የሚያውቁት ከመምህራን አያንስም። የጥጥ ሸራ ከተነካበት ማንጠባጠቡ እውነት ነውና። የእኅቴ ልጅም በዚያች ሌሊት ደጋግሞ እየተነሣ ገመዱን ሲያጠብቅ የባትሪውን ብርሃን በመስኮት አይ ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ጫካ ለሚዋጉ ወታደሮቹ ጣራው ከአልጋው ጋር የተሰፋ ሀሞክ ሰጠ፤ ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ክዳን፣ በዙሪያው የትንኝ መከላከያ መረብ፣ በጎኑ በዚፕ የሚዘጋ በር ነበረው። በአሳብ ደረጃ ከታይኖ ጎጆ ወዲህ የተሠራ ፍጹም የሆነ ነገር ይመስለኛል፤ በሥራ ላይ ግን ጠላት በሌሊት በመጣ ጊዜ ከመረብና ከዚፕ ውስጥ ፈጥኖ መውጣት ቀላል ስላልነበረ፣ ወታደሮቹ ከመሬት ከፍ ብሎ መተኛቱን አልወደዱትም ይባላል።

እዚህ ላይ ነገሬን ጨርሼ ብዕሬን ባስቀመጥሁ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ወዳጅ አለኝ። ይህ ወዳጄ በወጣትነቱ በአቴና ጥቂት ዘመን ተምሮ ስለ ተመለሰ፣ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ከወንበር እስከ ወጥ ማማሰያ፣ ከጽርዕ አገር ካልመጣ እንዳልተፈጠረ ይቈጥረዋል። ስለ ሀሞክ ብነግረው ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «እርሱማ የአቴናው የጦር አለቃ የአልኪቢያዴስ ሥራ ነው፤ የጽርዑ ታሪክ ጸሓፊ ፕሉታርክ ጽፎታል» አለኝ። የአነጋገሩ እርግጠኝነት እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይህን አባባል የተናገረው እርሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ በቀደሙት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመታት አንዳንድ የአውሮፓ ጸሓፊዎችም ደጋግመው እንደ ጻፉት ባውቅም፣ ከእርሱ አፍ መስማቴ ነገሩን የግል ጠብ አደረገብኝ፤ ስለዚህ እንደ አንድምታ መምህራን «አንድም» እያልሁ እመልስለት ዘንድ ፕሉታርክን ከመደርደሪያ አወረድሁ።

ፕሉታርክ በእርግጥ ጽፎታል። አልኪቢያዴስ ሐምራዊ ቀሚሱን በአደባባይ እየጎተተ ይሄድ እንደ ነበር፣ በጦር መርከቡም ላይ ለስላሳ እንቅልፍ እንዲተኛ ወለሉን አስቆርጦ መኝታውን በሳንቃ ላይ ሳይሆን በተወጠረ ጠፍር ላይ ያደርግ እንደ ነበር፣ ከወርቅ የተሠራው ጋሻውም ኤሮስ መብረቅ ይዞ የተሣለበት እንደ ነበር ይናገራል፤ ይህንም የሚናገረው ለማመስገን ሳይሆን በተድላ ሥጋ ለመክሰስ ነው። እኔም እላለሁ፦ የተወጠረ ጠፍር ላይ መተኛት ሀሞክ ከሆነ አያቴ ከነጠፍር አልጋቸው የሀሞክ ባለቤት ነበሩ። ጠፍር አልጋ በአራት ማዕዘን እንጨት ላይ ከወዲያ ወዲህ የተጠላለፈ፣ ሰውን ዘርግቶ የሚይዝ ነው፤ ሀሞክ ግን በሁለት ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ የተኛበትን ሰው ያቅፋል፤ ባለሙያዎቹም ወገብ እንዳይጎብጥ በመካከሉ ሰያፍ ተኛ ይላሉ። አንድም፣ ፕሉታርክ የጻፈው አልኪቢያዴስ ከሞተ ከአምስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ ነውና የአልጋውን አሠራር በዐይኑ አላየም። አንድም፣ ፕሉታርክ እንደ ጻፈው ፍሬ ነገሩ የለስላሳ እንቅልፍ ጉዳይ ነው፤ ስለ ማዕበሉ፣ አልጋው ከመርከቡ ጋር አብሮ ስለ አለመዋለሉ አንዳች ቃል የለበትም።

ዋናው ማስረጃዬ ግን የአየር ጠባይ ነው። አቴናውያን አልኪቢያዴስን ከአዛዦቻቸው አንዱ አድርገው ወደ ሲሲሊ የዘመቱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 ዓመት፣ በበጋው አጋማሽ ነው። በሜድትራንያን ባሕር አገር ዝናቡ የሚወርደው በብርድ ወራት ነውና፣ ለእኛ መብረቅና ነጎድጓድ በሆነበት ወራት ለእነርሱ ሰማዩ የጠራ ነው። የእኛ ነገሥታት ክረምት ሲገባ ዘመቻ ያቆሙ ነበር፤ የዐድዋው ክተት እንኳ የታወጀው በ1888 ዓ.ም. ዝናቡ በሚያባራበት በመስከረም ነው። አልኪቢያዴስ ግን ድንኳንም ሸራም ሳያስፈልገው በጠራ ሰማይ ሥር ተኝቶ ሄደ፤ ያየውም መብረቅ በጋሻው ላይ የተሣለውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ውሃ በገመዱ ላይ እየተሳበ ወገቡ ድረስ መጥቶበት የማያውቅን ሰው የሀሞክ አባት ማለት የእኅቴን ልጅ ድካም መናቅ ነው።

ይህን ሁሉ በደብዳቤ ጽፌ ለወዳጄ ላክሁለት። መልሱ በሦስት መስመር መጣ፦ አልኪቢያዴስ የተኛው በመርከብ ላይ ስለ ሆነና መርከብም ሸራ ስላለው፣ አልጋውም ሸራውም በአንድነት የጽርዕ ሥራ መሆናቸውን እንድቀበል ይጠይቀኛል። እኔም የመርከብ ሸራ ነፋስ ለመያዝ የሚቆም እንጂ ዝናብ ለመመለስ የሚጋደም አለመሆኑን፣ የጽርዕ የጦር መርከቦችም ወደ ውጊያ ሲገቡ ትልቁን ሸራ በየብስ ትተውት ይሄዱ እንደ ነበር ጠቅሼ መለስሁለት። ለዚህ እስካሁን መልስ አልላከም፤ ነገር ግን ሰሞኑን ስለ ፊንቄ መርከቦች የሚናገሩ መጻሕፍት እየተዋሰ መሆኑን ሰምቻለሁ።